ጉሮሮን የሚመጥን ዜማ፦ የጃፓን ቀላል ዘፈኖችና የሳቢያን ሴቶች ድምፅ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ድሬዳዋ ሙቀቷ ቀን ቀን ሰውን ከጥላ ሥር የሚያውል፣ ማታ ማታ ግን ወደ ደጅ የሚያወጣ ከተማ ናት። በሳቢያን ሠፈር ሠርግ በሚኖርበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር እንዲህ ነው። ከሠርጉ በፊት ባሉት ምሽቶች የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው፣ ሽንኩርት እየላጡና ቅመም እያበጠሩ፣ አንዲቱ ስታወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዘፍናሉ። ከበሮ ካለ ይመታል፤ ከሌለም ሳፋው ወይም ጀሪካኑ ይተካዋል። በዚያ ምሽት ከሴቶቹ መካከል አንዲቱም «ድምፅ የለኝም» ስትል አትሰማም።

በሠርጉ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ድምፅ ማጉያው ይተከላል፤ የተቀረጸው ሙዚቃ ይከፈታል፤ ማይክሮፎኑም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ወንዶቹ ተቀብለው አንድ ሁለት ስንኝ ይሞክራሉ። ማይክሮፎኑ ትናንት ማታ ዘፈን ስታወጣ ካመሸችው እናት ዘንድ ሲደርስ ግን፣ እርስዋ ፊትዋን በነጠላዋ ሸፍና «ኧረ እባካችሁ፣ ድምፅ የለኝም» ትላለች። ብትደፍርና ብትጀምርም ከሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፤ ታዳሚው ይስቃል፤ እርስዋም ትቀመጣለች።

ይህ ንግግር የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ያ ድምፅ በአንድ ሌሊት ወዴት ሄደ? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከሙዚቃ መምህሩና ከኪነት ባለሙያው ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ምክንያቱም «ድምፅ የላትም» የሚለውን ፍርድ በመጀመሪያ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያዎች ናቸው፤ ፍርዱን ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማ የምትኖረው ግን ተፈራጇ ናት።

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መንገድ ሄዶ መመለስ ይጠቅማል። ተራው ሕዝብ ማይክሮፎን ይዞ የሚዘፍንበትን ዘዴ ለዓለም ያበረከተችው ጃፓን ናት። «ካራኦኬ» የሚለው ቃል ከሁለት ቃላት የተሠራ ሲሆን «ባዶ» እና «ኦርኬስትራ» ማለት ነው። ይኸውም ዘፋኙ የሌለበት፣ አጃቢው ብቻ የተቀረጸበት ሙዚቃ መሆኑን ያመለክታል። በኢትዮጵያ ሕዝቡ በተለምዶ «ክላሲካል» እያለ የሚጠራው፣ ድምፅ ያልገባበት የዘፈን ሙዚቃ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሺጌይቺ ኔጊሺ የተባሉ የቶኪዮ ሰው ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ሠርተው ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኮቤ ከተማ የመጠጥ ቤቶች ሙዚቀኛ የነበሩት ዳይሱኬ ኢኖዌ፣ ሳንቲም ሲገባበት የአጃቢ ሙዚቃ የሚያሰማ ሌላ መሣሪያ አዘጋጅተው ለመጠጥ ቤቶች አከራዩ። ኢኖዌ የፈጠራ መብታቸውን አላስመዘገቡም ነበርና ሌሎች ድርጅቶች ዘዴውን ወስደው በዓለም ዙሪያ አስፋፉት።

የኢኖዌ ታሪክ ለሙዚቃ ባለሙያ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ኢኖዌ የመሣሪያውን ሐሳብ ያገኙት ከሥራቸው ነው። ሥራቸው ሙያተኛ ላልሆነ ደንበኛ መጫወት፣ እርሱ ሲዘገይ መዘግየት፣ ድምፁ አልደርስ ሲለው ዝቅ ማድረግ ነበር። አጃቢው ለዘፋኙ ይገዛል እንጂ ዘፋኙ ለአጃቢው አይገዛም ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ የመጡት የካራኦኬ መሣሪያዎችም የመነሻውን ቶን ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል ቁልፍ የተገጠመላቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ካራኦኬ ከተስፋፋባቸው ዓመታት ጋር ጎን ለጎን በጃፓን ሌላ ነገር አድጓል፤ እርሱም «አይዶል» የሚባሉት ወጣት ዘፋኞች ሙዚቃ ነው። ቃሉ በጃፓን የተለመደው ሲልቪ ቫርታን የዘፈነችበት አንድ የፈረንሳይ ፊልም በ1964 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር ከታየ በኋላ ነው። ይህ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይሆንም። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ ድሬዳዋም ብዙ የፈረንሳይ ቃላትን ተቀብላለች፤ «ለገሀር» የሚለው ስም ራሱ የባቡር ጣቢያ የሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ቃል በፊልምም ሆነ በባቡር ይጓዛል፤ የደረሰበት አገር ግን የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። በጃፓን «አይዶል» ማለት ከሁሉ የላቀ ድምፅ ያላት ሴት ማለት አልሆነም፤ ተመልካቹ እንደ ጎረቤቱ ልጅ የሚቆጥራት፣ እየተማረች የምታድግ ወጣት ማለት ሆነ።

ከዚህ የተነሣ ዘፈኖቹን የሚጽፉት ደራስያን ከአንድ ጠባብ ሁኔታ ጋር መታገል ነበረባቸው። ዘፋኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በቴሌቪዥን የችሎታ ውድድር የተመረጡ ናቸው፤ የድምፅ ሥልጠናቸው አጭር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የጀመረችውና በ1980 እ.ኤ.አ. ገና በሃያ አንድ ዓመቷ መድረክን የተሰናበተችው ሞሞኤ ያማጉቺ፣ በሦስት ወጣቶች የተቋቋመውና በ1978 እ.ኤ.አ. የተበተነው ካንዲስ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው የሁለት ወጣቶች ቡድን ፒንክ ሌዲ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ሴይኮ ማትሱዳ፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ አኪሃባራ በምትባል ሠፈር የተመሠረተው ኤኬቢ 48 የተባለ ብዙ አባላት ያሉት ቡድንም መንገዱን ቀጠለ። ይህ ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «አፍቃሪ የዕድል ብስኩት» የሚል ትርጉም ያለውን ዘፈን፣ የግል ድርጅቶችና የማዘጋጃ ቤቶች ሠራተኞች ሳይቀሩ በየመሥሪያ ቤታቸው እየዘፈኑና እየጨፈሩ ራሳቸውን ቀርጸዋል። ለሕዝብ የተሠራ ዘፈን ወደ ሕዝብ መመለሱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

እነዚህ ዘፈኖች ለሴቶች የሚቀልሉበት ምክንያት ምንድን ነው? በመሠረቱ አራት ነገሮችን መለየት ይቻላል።

አንደኛው የድምፅ ስፋት ነው። ድምፅዋን በሙያ ያላሠለጠነች አዋቂ ሴት ሳትጨነቅ የምታዜምበት ስፋት በአብዛኛው ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ላ ተነሥቶ፣ ከእርሱ በላይ እስካለው ላ ወይም ሲ ይደርሳል። ይህም አንድ ኦክታቭ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ቀላል የሚባሉት የአይዶል ዘፈኖች አብዛኛውን ዜማቸውን በዚህ አጥር ውስጥ ይዘው፣ ከፍ ያለውን ድምፅ ለአዝማቹ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ያስቀምጡለታል። ድምፅዋ ወፍራም የሆነ ሴት እንደ ሞሞኤ ያማጉቺ ዝቅ ብለው የተጻፉትን፣ ድምፅዋ ቀጭን የሆነ ደግሞ እንደ ሴይኮ ማትሱዳ ከፍ ያሉትን ትመርጣለች።

ሁለተኛው ቃሉና ዜማው የተጋቡበት መንገድ ነው። የጃፓን ፊደል እንደ ግዕዝ ፊደል ሁሉ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይጽፋል፤ በእነዚህ ዘፈኖችም አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ይዞ ይሄዳል። አንዲቱ ፊደል በአምስትና በስድስት ድምፅ ላይ እየተጠመዘዘች አትንከራተትም። ስለዚህ ቃሉን ማንበብ የቻለች ሴት ዜማውን ለመከተል አትቸገርም።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ሐረጎቹ አጫጭር ናቸው፤ በመካከላቸውም መሣሪያው ብቻ የሚናገርበት ክፍተት አለ። ዘፋኟ እየጨፈረች እንድትዘፍን ታስቦ የተጻፈ ዜማ፣ ተቀምጣ ለምትዘፍን ሴት ትርፍ ትንፋሽ ይሰጣታል።

አራተኛው ኅብረት ነው። የቡድን ዘፈኖች በአብዛኛው በአንድ ድምፅ ይዜማሉ። አንዲቱ ብትስት ሌሎቹ ይሸፍኑላታል፤ አንዲቱ ትንፋሽ ስትወስድ ሌሎቹ ያስቀጥላሉ። አዝማቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚመለስም፣ የማታውቀው እንኳ በሁለተኛው ዙር ትቀላቀላለች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። እነዚህን አራት ነገሮች የሳቢያን ሴቶች አያውቋቸውምን? በሠርጉ ዋዜማ ሽንኩርት እየተላጠ የሚዘፈነው ዘፈን ስፋቱ ጠባብ፣ ቃሉ ከዜማው የተጋባ፣ ሐረጉ አጭር፣ ተቀባዩ ብዙ ነው። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ከቤት ወደ ቤት የሚዘፍኑት «አበባየሆሽ» የተባለው ዘፈን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያለ መምህር የተላለፈው በዚህ ቅርጹ ነው። ድሬዳዋም ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ እንደ መሆኗ ይህንኑ ሥርዓት በብዙ መልክ ታውቀዋለች። የሶማሌ ሴቶች ቡራንቡር የተባለውን የሴቶች ግጥም በከበሮና በጭብጨባ ያሰማሉ፤ የኦሮሞ ሴቶች በአቴቴ ሥርዓት በኅብረት ያዜማሉ፤ የሐረሪ ሴቶችም በሠርጋቸው የራሳቸው ዘፈን አላቸው። ጃፓኖች በስቱዲዮ አስልተው የደረሱበትን፣ የእነዚህ ሴቶች እናቶች በጓዳና በደጅ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ስለዚህ ችግሩ ከሴቶቹ ጉሮሮ አይደለም፤ ከማይክሮፎኑ ጋር አብሮ ከመጣው ሙዚቃ ነው። ይህም ሁለት ገጽ አለው።

የመጀመሪያው የዘፈኑ ባሕርይ ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ስማቸው የገነነ ሴት ዘፋኞች፣ እነ ብዙነሽ በቀለ፣ እነ ሂሩት በቀለ፣ እነ አስቴር አወቀ፣ በሠለጠነና በታላቅ ድምፅ የሚዘፍኑ ናቸው። አንዲቱን ፊደል በብዙ ድምፅ ላይ ማንቆርቆር፣ ቅላጼውን ማጠፍና መዘርጋት የጥበባቸው ክብር ነው። ያ ዜማ ለመስማት የተሠራ ነው፤ ሰሚው ሁሉ እንዲዘፍነው አልተጻፈም። የአስቴር አወቀን ዘፈን አልደርስበት ያለች ሴት ድምፅ የላትም ማለት፣ የሩጫ ሻምፒዮናን ተከትላ ያልደረሰች ሴት እግር የላትም እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ይልቁንም ዋናው፣ የመነሻው ቶን ነው። በሠርግ ላይ ከሚከፈቱት ዘፈኖች ብዙዎቹ በወንዶች የተዘፈኑ ናቸው። በወንድ ዘፈን ላይ ድምፅዋን የምታነሣ ሴት ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርላታል። በእርሱ ቦታ ልዝፈን ብትል ዝቅተኛው ድምፅ አይወጣላትም፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ልበል ብትል ከፍተኛው ጉሮሮዋን ይቀድዳታል። በሁለቱም ፊት ትሸነፋለች። መፍትሔው በሁለቱ መካከል ነው፤ ይኸውም ሙዚቃውን በአራት ወይም በአምስት የቅኝት ደረጃ ማዛወር ነው። ለዚህ ግን አጃቢው መታዘዝ አለበት፤ የተቀረጸ ሙዚቃ ደግሞ ማንም ካልነካው አይታዘዝም።

በቀድሞው ሥርዓት ይህ ችግር አልነበረም። ክራር ተጫዋች ክራርዋን የምትቃኘው በራስዋ ድምፅ ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፈችው ታላቋ አርቲስት አስናቀች ወርቁ በክራርዋ ስትዘፍን ክሮቹ የሚታጠፉት ወደ ጉሮሮዋ ነበር እንጂ ጉሮሮዋ ወደ ክሮቹ አልነበረም። መሰንቆም እንዲሁ ነው። የሠርግ ዋዜማዋ አውጪም የምትጀምረው ድምፅዋ ከሚመቸው ቦታ ነው፤ ከፍ አድርጋ የጀመረች እንደ ሆነ ተቀባዮቹ ራሳቸው ዝቅ ያደርጉባታል። የኢትዮጵያ ባህል የሰውን ድምፅ መነሻ አድርጎ መሣሪያውን ይቃኛል። ሰውን በመሣሪያው መቃኘት የመጣው ከተቀረጸው ድምፅ ጋር ነው።

በሙዚቃ ጠባይም ሁለቱ አገሮች እንደሚታሰበው አይራራቁም። በጃፓን የቆዩ ተወዳጅ ዘፈኖች በብዛት የተደረሱበት «ዮናኑኪ» የተባለው ቅኝት ስሙ «አራተኛና ሰባተኛ የጎደለው» ማለት ነው። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ሲሆን የትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች ይዞ ይገኛል፤ ማይነሩም ከትዝታ ማይነር ጋር በድምፆቹ ርቀት አንድ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ዕረፍታቸውን በጃፓን ያሳልፉ ነበርና፣ የጃፓናዊት ፍቅርም በጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። ስለዚህ የትዝታ ልጅ የሆነች ጆሮ የጃፓንን ዜማ ስትሰማ ፈጽማ እንግዳ አትሆንም።

ሆኖም ከሌላ አገር ትምህርት ሲወሰድ እህሉን ከእንክርዳዱ መለየት ያስፈልጋል። የአይዶል ሙዚቃ ለዘፈኑ ቀላልነት ቢመሰገንም፣ ለወጣቶቹ ዘፋኞች ግን ብዙ ጊዜ ከባድ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ድርጅቶች ወጣቶቹን የፍቅር ጓደኛ እንዳይዙ ይከለክሏቸዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከኤኬቢ 48 አባላት አንዲቱ ከወንድ ጋር መታየቷ በመጽሔት ከወጣ በኋላ ራስዋን ተላጭታ፣ እያለቀሰች ይቅርታ ስትጠይቅ በቪዲዮ ታይታለች፤ ይህም በጃፓንም ከጃፓን ውጭም ብዙ ወቀሳ አስነሥቷል። ሴት ልጅ እንድትዘፍን ዜማውን ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ ሴት ልጅን ራስዋን ሸቀጥ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። መወሰድ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ ከሥራቸው የሚያርቅ አይደለም። ሳቢያን ውስጥም ሆነ በቀዚራና በመጋላ፣ ኪቦርድ የሚጫወት ባለሙያ የመነሻውን ቶን የሚያዛውር ቁልፍ በእጁ አለ። በስልክ የሚከፈት «ክላሲካል» እንኳ ዛሬ በቀላል ፕሮግራም ከፍና ዝቅ ይደረጋል። የሚጎድለው መጠየቅ ነው። ማይክሮፎኑ ለአንዲት እናት ከመሰጠቱ በፊት፣ ዘፈኑን ያለ መሣሪያ በራስዋ ድምፅ አንድ ጊዜ እንድታንጎራጉር መጠየቅ በቂ ነው። ሰው ያለ መሣሪያ ሲያንጎራጉር ብዙ ጊዜ የሚመቸውን ቦታ ሳያውቀው ያገኘዋል። ባለሙያው ያንን ቦታ በጆሮው ይዞ መሣሪያውን ወደዚያ ያመጣል። ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው።

ዘፈን ሲመረጥም በመጀመሪያ አዝማቹን መመልከት ይገባል፤ ከፍተኛው ድምፅ የሚገኘው በአብዛኛው እዚያ ነውና። አዝማቹ የተመቻት ሴት ቀሪው አያስቸግራትም። ብቻዋን ለመዘፈን የምታፍር ካለች፣ ሁለት ሦስት ሆነው ይያዙት፤ አንዲቱ ታውጣ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ። ፍጥነቱም ከተናጋሪው ቋንቋ ጋር ይመዘን። በአማርኛ አንዲት ፊደል ስትጠብቅና ስትላላ ትርጉም ስለሚለወጥ፣ የተጣደፈ ዜማ ቃሉን ያበላሻል፤ ቃሉ የተበላሸባት ሴትም ዜማው የጠፋባት ይመስላታል።

በትምህርት ቤትም ያለው ኃላፊነት ከዚህ የከበደ ነው። መምህሩ በራሱ ድምፅ ጀምሮ ሲያስዘምር፣ ያልደረሱበትን ልጃገረዶች «አንቺ ዝም በይ» ብሎ ወደ ኋላ ረድፍ ሲልክ፣ የሚፈርደው በልጆቹ ሳይሆን በራሱ መነሻ ላይ ነው። ዛሬ በኋላ ረድፍ ዝም እንድትል የተነገራት ልጅ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በልጅዋ ሠርግ ላይ ነጠላዋን ፊትዋ ላይ የምትጥለው እናት ናት።

ጉዳዩ የሠርግ ምሽት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሠርጉ ዋዜማ ዘፈን የተላለፈው ሴቶች በኅብረት ስለ ዘፈኑት ነው። ድምፅ ማጉያው ከሠርጉ ቀን አልፎ ወደ ዋዜማውም እየገባ ሲሄድ፣ ሴቶቹም ድምፅ የለንም ብለው ሲያምኑ፣ ልጆቻቸው የሚወርሱት ዝምታን ይሆናል። በሴቶች አፍ ብቻ የኖረ ግጥም፣ ሴቶቹ ዝም ያሉ ዕለት ሌላ ማኖሪያ የለውም።

በመጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ፣ ያ ድምፅ በአንድ ሌሊት ወዴት ሄደ የሚል ነበር። ድምፁ የትም አልሄደም። ትናንት ማታ በነበረበት ቦታ፣ ከመካከለኛው ዶ ጥቂት ዝቅ ብሎ አለ። መሣሪያው ነው ወደ እርሱ ያልመጣው። መሣሪያውን ወደ ድምፁ ማምጣት ደግሞ የባለሙያው ድርሻ ነው። የሚቀጥለው ሠርግ በሳቢያን ድንኳን ሲተከል፣ ማይክሮፎኑ ወደ እናቶች ከመዞሩ በፊት ባለኪቦርዱ ወደ እነርሱ ዘወር ብሎ፦ «እማማ፣ ከየት ልጀምርልዎት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ይህ ንግግር ዓላማውን አግኝቷል ማለት ነው።